ለአዋቂ ዘንዶ የገዛሁት የፒቪሲ ማደሪያ ከ11 ወራት በኋላ

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በምኖርበት አፓርታማ አንዲት የ7 ዓመት ቦል ፓይተን አሳድጋለሁ። ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ የዘንዶ ዝርያ ሲሆን፣ የእኔዋ ርዝመቷ 130 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከ11 ወራት በፊት ድረስ የኖረችው ወለሉ 90 በ45 ሴንቲ ሜትር በሆነ፣ ላዩ በወንፊት ሽቦ በተከደነ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነበር። አሁን ያለችበት ማደሪያ ፒቪሲ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱና ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሩም ፊት ለፊት ነው።

ለለውጡ ያስገደደኝ ከጥበቱ ይልቅ የአየሩ ድርቀት ነው። ይህ ዝርያ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ የአየር እርጥበት ይፈልጋል፤ በበረዶው ወራት ግን የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀውና ከክዳኑ በላይ ያለው አምፖል የቀረውን እርጥበት ስለሚያስወጣው፣ ማታ ውኃ ብረጭም ጠዋት መለኪያው ከ35 በመቶ በታች ይወርድ ነበር። ባለፈው ጥር ቆዳዋን የጣለችው እየተቆራረጠ ነው። እባብ የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን የሚጋርደው ግልጽ ቅርፊት ከቆዳው ጋር አብሮ መውጣት ሲገባው፣ የአንድ ዓይኗ ሽፋን ሳይወጣ ቀረ፤ በሐኪም እጅ እስኪነሣ ድረስ እጅግ ተጨነቅሁ።

ፒቪሲ እርጥበትን አያሳልፍም። በወለሉ ላይ ባነጠፍሁት የኮኮናት ልጣጭ ማዕዘኖች በየሳምንቱ ጥቂት ውኃ አፈስሳለሁ፤ እርጥበቱም ከ65 በመቶ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ 5 ጊዜ ቆዳዋን ጥላለች፤ አምስቱም ጊዜ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ሳይቆረጥ ወጥቷል። ከጣሪያው ላይ የተገጠመው ማሞቂያ ሞቃቱን ጫፍ 32፣ ቀዝቃዛውን 26 ዲግሪ አድርጎ ይይዛል፤ የሚሠራው ግን ሙቀቱን እየለካ በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ በቴርሞስታት ነው። ያለ ቴርሞስታት ማሞቂያ መሰካት እንስሳውን ለቃጠሎ አሳልፎ መስጠት ስለሆነ ማንም እንዳያደርገው አጥብቄ እለምናለሁ።

የበሩ አቀማመጥ ያመጣውን ለውጥ አልጠበቅሁትም ነበር። እነዚህን እባቦች የሚነጥቁ አሞሮች ከላይ ስለሚመጡ፣ ክዳኑን ባነሣሁ ቁጥር ጭንቅላቷን ሸሽጋ ትጠቀለል ነበር። አሁን እጄን ከጎን ሳስገባ ምላሷን እያወጣች ታሸታለች እንጂ አትደነግጥም።

ጉድለት አለው። ተንሸራታቾቹ መስታወቶች ያለ ቁልፍ ስለሚሸጡ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት በአፍንጫዋ ገፍታ በሩን አንድ ስንዝር ከፍታው አገኘኋት፤ በማግስቱ ቁልፍ ገዛሁ። የታችኛው መጋጠሚያም ውኃ ስላስወጣ በሲሊኮን መድፈን ነበረብኝ።

መጀመሪያ 6 ሳምንት ምግብ እምቢ ብላ ክብደቷ ከ1,720 ወደ 1,650 ግራም ሲወርድ፣ ቤቱ በዝቶባት ነው ብዬ ልመልሳት አስቤ ነበር። ስፋቱ አልነበረም ያስፈራት፤ በሁለቱ መሸሸጊያዎቿ መካከል ያለው ባዶ ሜዳ ነው። መካከሉን በቡሽ ቅርፊትና በሰው ሠራሽ ቅጠል ስሞላው በሳምንቱ አይጧን በላች።

ይህን ማደሪያ ለቦል ፓይተን፣ ለወንዱም ለሴቷም፣ ያለ ማመንታት እመርጣለሁ፤ 2 ሜትር ለሚደርሰው፣ ቦዋ ለሚባለው ትልቅ እባብ ግን ያጥራል። የአሮጌው ሳጥን ወለል ከጥግ እስከ ጥግ 100 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የዚህኛው 134 ነው። ባለፈው ሳምንት ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራት ሳላበራ ባያት፣ ከሞቃቱ ጥግ እስከ ቀዝቃዛው ጥግ ቀጥ ብላ ተዘርግታ ነበር።