ልጄ ኦፕራሲዮን ሊገባ 2 ሰዓት ሲቀረው ሻይ የተፈቀደለት ማዕከል

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ልጄ 4 ዓመቱ ነው። የቡአ ኦፕራሲዮን ሁለቴ ተሠርቶለታል፤ አምና በግራ፣ ዘንድሮ በቀኝ በኩል። ቦታው የተለያየ ስለነበር ልዩነቱን በደንብ አይቻለሁ። ስፌቱ ሁለቱም ጋ ጥሩ ነው። እኔ የማወራው ስለ ረሃቡና ስለ ውሃ ጥሙ ነው።

አምና መሀል ከተማ ያለ ሆስፒታል ነበር። "ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምስ" አሉን፣ በቃ። ልጁ ማታ 1 ሰዓት ራቱን በልቶ ተኛ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን ሄድን። ተራው የደረሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። 18 ሰዓት ሙሉ! ከንፈሩ ደርቆ "ውሃ ብቻ፣ እማዬ" እያለ ሲለምነኝ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ደም ስሩም እምቢ ብሎ አራት ጊዜ ወጉት። ጾም የለመድን ሰዎች ነንና ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ግን እኮ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ከ7 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ጹም አትልም።

ዘንድሮ ወደ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወዳለ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ወሰድኩት። በዋዜማው ከሰዓት ነርሷ ደወለች። "እናቱ፣ ነገ 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ" አለችኝ። ምግብና የላም ወተት ኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት ሲቀረው ያቆማል፣ ስለዚህ ሊተኛ ሲል ጥሩ ራት ስጪው። ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ግን እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይጠጣ፣ ተኝቶ ከሆነም ቀስቅሰሽ አጠጪው አለችኝ። ቀስቅሰሽ! ይሄን ስሰማ ደነገጥኩ።

ማደንዘዣ የሚሰጡት ባለሙያ ጠዋት ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ልጁ ሲደነዝዝ የሚያስለውና ጉሮሮውን የሚጠብቅለት ነገር አብሮ ይተኛል፣ ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ምግብ ከሆድ ለመውጣት ሰዓታት ይፈጃል፣ ውሃ ግን ቶሎ ያልፋል። የእናት ጡት ደግሞ ከላም ወተት ስለሚቀል 4 ሰዓት ይበቃዋል። በኋላ ሳነብ የአሜሪካኖቹ መመሪያም ለውሃ 2 ሰዓት ነው የሚለው፤ የአውሮፓ ሰመመን ሰጪ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው እንዲያውም ለልጆች ወደ 1 ሰዓት አውርዶታል። ሆኖም የልጃችሁን ሰዓት የሚወስነው ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ነው። አንዳንድ ልጅ ሕመሙ ረዘም ያለ ሰዓት ሊያስፈልገው ይችላል።

በጣም የወደድኩላቸው "ጁስ" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ማስረዳታቸው ነው። እኛ ጋ ጁስ ማለት በማንኪያ የሚበላ አቮካዶ ወይ ማንጎ ነው፤ እሱ ምግብ ነው አሉኝ። አጥሚትም ምግብ ነው። የሚፈቀደው ብርጭቆው ውስጥ ሲቀዳ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ነገር ነው፤ ውሃ፣ ቀጭን ሻይ በስኳር፣ የተጣራ የአፕል ጁስ። "አያት ቤት ካለች ለሷም ንገሪያት" ማለታቸው ደግሞ ልክ ነበር፣ እናቴ ለልጁ አዝና ዳቦ በፌስታል ቋጥራለት ነበር። ቢበላ ኖሮ ኦፕራሲዮኑ ይተላለፍ ነበር።

ልጄ ሻዩን ጠጥቶ፣ ሳያለቅስ፣ በሁለት እግሩ ሄዶ ገባ። ደም ስሩንም በአንዴ አገኙት።

ቅሬታም አለኝ። ዋጋው ኪስ ይጎዳል። መጠበቂያው ክፍል ጠዋት ላይ ብርድ ነው። የሚሰጡት የመመሪያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ስልኩ ባይደወልልኝ ምንም አይገባኝም ነበር። በአማርኛና በኦሮምኛ ይጻፍ ብዬ አስተያየት መስጫው ላይ ጽፌላቸዋለሁ።

ከኛ ቀጥሎ የነበረችው ሕፃን ተራዋ ወደ 6 ሰዓት ተገፋ። ነርሷ ራሷ መጥታ እናትየዋን "እስከ 4 ሰዓት ውሃ ስጫት" አለቻት፣ ኩባያውንም ይዛላት ነው የመጣችው።