14 ቀን ወይስ አንድ ቀን? ሁለቱ የቫይቫክስ ወባ መድኃኒቶች

ከመንዝ ደጋ ለማሾ ለቀማ ሸዋሮቢት ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ፦ በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድለት የተረፈውን የፕራይማኩዊን ክኒን ቆጥ ላይ ይወረውረዋል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ከወራት በኋላ እንደገና ያንቀጠቅጠዋል። የተለመደው የፕራይማኩዊን ኮርስ 14 ቀን ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት፣ ታፌኖኩዊን፣ 300 ሚሊግራም አንዴ ተውጦ ያበቃል። (ቆጥ ላይ የሚወረወር የለም!) ኢትዮጵያም በተካፈለችበት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ፣ ስድስት ወር ሳይመለስባቸው የቆዩት በታፌኖኩዊን 62 በመቶ፣ በፕራይማኩዊን 70 በመቶ ገደማ ነበሩ። እዚያ ግን አብዛኛው ሰው ኮርሱን ጨርሷል።

ዋናው ጣጣ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ያነሰው ሰው ነው። ሁለቱም ቀይ የደም ሴሉን ያፈርሱበታል። ፕራይማኩዊን ሽንት ሲጠቁር ቢቋረጥ በአንድ ቀን ገደማ ከሰውነት ይወጣል፤ ታፌኖኩዊን ግን ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ አንዴ ከተዋጠ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ኢንዛይሙን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ ይፈልጋል። እኔ ብጠየቅ፣ መሣሪያው ጤና ጣቢያው ካለ ታፌኖኩዊን፤ ከሌለ ፕራይማኩዊን፣ ያውም ማታ ማታ "ዋጥከው ወይ?" ከሚል የቤት ሰው ጋር።