እጄ ላይ የሚነዝረው መሣሪያ፣ ደሴ ላይ ሞክሬው

ዓይነ ስውር ነኝ። እህቴ ከውጭ የላከችልኝን እጅ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሦስት ሳምንት ተጠቀምኩበት። አሠራሩ እንደ ሌሊት ወፍ ነው። ጆሯችን የማይሰማውን፣ ከ20,000 ኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ ይልካል። ድምፁ ነገር ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን አስልቶ ይነዝራል፤ በቀረብኩ ቁጥር ንዝረቱ ይፈጥናል።

በጣም የወደድኩት ነጭ በትሬ የማይደርስበትን መያዙን ነው። ፒያሳ ላይ ከሱቅ ደጃፍ የተንጠለጠለ ዕቃ፣ የቆመ አይሱዙ ጀርባ፣ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ክዳን ስንቴ ግንባሬን እንዳቆሰለኝ እኔ ነኝ የማውቀው፣ አሁን ግን ሳልደርስበት ቆም እላለሁ፣ በእውነት ትልቅ እፎይታ ነው። ጆሮ ላይ የሚደረግ ነገር ስለሌለውም ባጃጅ ሲመጣ በደንብ እሰማለሁ።

ጉድጓድ ግን አያውቅም። ክዳኑ የተነሳ የውሃ መውረጃ አጠገብ ዝም አለኝ፤ ያዳነኝ በትሬ ነው። ሰኞ ገበያ ደግሞ ሰው ስለሚበዛ እጄ እስኪደነዝዝ ይነዝራል፣ እዚያ ስደርስ አጠፋዋለሁ። ቢበላሽ እዚህ የሚጠግንልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ለመግዛት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ በትራችሁን ቤት ጥላችሁ እንዳትወጡ።