የጎርጉትስ «ኦብስኩራ»፦ ግርግሩ የማይሸፍነው ዘፈን

ግርግር ለሌባ ይመቻል። ሙከራ በሚበዛበት ጽንፈኛ ሜታል (እጅግ ከባድና ጯሂ የሮክ ዓይነት) ውስጥ ይህ ሌብነት የተለመደ ነው፤ ሪፉ (ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ) ሳይጠገብ ይቆረጣል፣ ድራሙ በየአፍታው የምት ቆጠራ ይለውጣል፣ አድማጭ ሲደናበር ዘፈኑ ገና እንዳልተሠራ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የካናዳው የሜታል ቡድን የጎርጉትስ ሦስተኛ አልበም «ኦብስኩራ» ግን ኪሱ ቢበረበርም ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።

ቡድኑ በ1991 እና በ1993 ያወጣቸው ሁለት አልበሞች ጥሩ፣ ነገር ግን መንገዳቸው የታወቀ ዴዝ ሜታል (ከጉሮሮ በሚወጣ ጩኸት የሚዘፈን የጽንፈኛ ሜታል ዘርፍ) ናቸው። በ«ኦብስኩራ» ላይ ግን ሉክ ለሜ እና ስቲቭ ኸርድል ጊታሩንም ጩኸቱንም (ድምፃዊነቱን) ተካፍለው፣ ስቲቭ ክሉቲዬ በቤዝ፣ ፓትሪክ ሮበርት በድራም፣ 12 ዘፈን በአንድ ሰዓት ውስጥ አስገብተዋል።

ትርምሱ ያለው በድምፁ ጠባይ እንጂ በዘፈኑ አወቃቀር ላይ አይደለም። ጊታሮቹ በጣም የተቀራረቡ ኖታዎችን አንድ ላይ ይመታሉ፤ ክሩን ይፍቃሉ፣ ያጣምማሉ፣ አንዱ ከታች ሲያጉረመርም ሌላው ከላይ ይጮኻል። በግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ በሁለት አጎራባች ቁልፎች መካከል ባለው ርቀት) ብቻ የሚለያዩ ኖታዎች በዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያሻክረው ማዛቢያ) ሲያልፉ እርስ በርስ እየተፋጩ ማንም ያልመታቸውን ተጨማሪ ድምፆች ይወልዳሉ። ጆሮ መጀመሪያ ላይ «ተበላሽቷል» የሚለው ያንን ነው። ከሥር ያለው አጽም ግን የዋህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሪፉ ይመጣል፣ ይደጋገማል፣ ይሄዳል፣ ሌላ ነገር ተነግሮ ሲያበቃ ተመልሶ ይመጣል። የአልበሙን ስም የያዘው መክፈቻ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በሦስተኛው ማዳመጥ ዜማውን ማንጎራጎር ባይቻልም ምቱን በጣት ጠረጴዛ ላይ መምታት ይቻላል። ለዚህ ሙዚቃ አዝማች ማለት ይኸው ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ «ክላውድድ»ን ይስማ። ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይጎተታል፤ ያው ጠማማ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች)፣ ያው ልቅሶ መሰል የክር ጥምዘዛ፣ ፍጥነቱ ብቻ ተወስዶበት። በፍጥነት የተሸሸገ ጉድ ቢኖር እዚህ ይወጣ ነበር። በ«ኧርዝሊ ላቭ» ለሜ ቫዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ ያለ ባለ ቀስት መሣሪያ) ይጫወታል። ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ቀስቱ ክሩን ሲፍቅ የጊታሮቹ ዘመድ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

ይህን አልበም ለመኮረጅ የሚሞክሩ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ በማጣመም ነው። ኮርዱ ጠማማ፣ ቆጠራው ጎዶሎ፣ ፍጥነቱም ተለዋዋጭ ከሆነ ጆሮ የሚይዘው እጀታ ያጣል። አንዱን ሲያጣምሙ ሌላውን ቀጥ ማድረግ ይበጃል። እንግዳ የሆነ ሪፍ ቢያንስ አራት ዙር ይሰጠው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ስኔሩ (ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ድራም) ከቦታው አይነቃነቅ፣ በሦስተኛው ድራሙ ይለወጥ፣ በአራተኛው መጨረሻ ላይ ብቻ ይቆረጥ። በ11 የሚቆጠር ምት 3፣ 3፣ 3፣ 2 ተብሎ ተከፍሎ የየክፍሉ መጀመሪያ በእግር ድራም ከተመታ አንገት ያስነቀንቃል፤ ሳይከፈል ከተተወ ግን ተጫዋቾቹ ራሳቸው የተሳሳቱ ይመስላል። ጌኑን (የዲስቶርሽኑን መጠን) ደግሞ መቀነስ ነው። ለቀላል ፓወር ኮርድ (ሁለት የተራራቁ ኖታዎች ብቻ ላሉት ኮርድ) የተስተካከለ ዲስቶርሽን የተቀራረቡ ኖታዎችን ጭቃ ያደርጋቸዋል፤ ኮርዱ ውስጥ ያሉት ኖታዎች ለየብቻ እስኪሰሙ ድረስ ዝቅ ይበል፣ የጎደለውን ክብደት ቤዙ ይሙላው። የክሉቲዬ ቤዝ ጎልቶ የሚሰማው በከንቱ አይደለም።

እንከን የለውም ማለት አይደለም። አንድ ሰዓት ለእንዲህ ዓይነት ድምፅ ይበዛል። ጩኸቱ ከዳር እስከ ዳር በከፍተኛው ጥግ ላይ ስለሚቆይ ከስምንተኛው ዘፈን በኋላ የማስደንገጥ ኃይሉ ይሟሽሻል፤ «ክላውድድ» ላይ የተገኘውን ዓይነት እፎይታ ሁለተኛው አጋማሽ አይደግመውም። ሁለት ዘፈን ቢቀነስለት የሚጎዳ አይመስለኝም። ቡድኑ በ2013 ባወጣው «ከለርድ ሳንድስ» ላይ ይህ ችግር ተፈትቷል፤ ከዘጠኙ ዘፈኖች አምስተኛው፣ ማለትም ልክ መሐሉ፣ ጊታርም ጩኸትም የሌለበት የባለ ቀስት መሣሪያዎች ድርሰት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጩኸት እንደ አዲስ ይሰማል። እንደ መግቢያ በር እሱ ይሻላል። እንደ ድፍረት ግን «ኦብስኩራ» ይበልጣል።

አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ከአንድ ተነስቶ እስከ አሥራ ሁለት አይዝለቅ። ስድስተኛውን «ክላውድድ»ን ቀድሞ ይስማ፣ ቀጥሎ አንደኛውን፣ ከዚያ አራተኛውን «ኖስታልጂያ»ን። በመጀመሪያው ዙር ጊታሩን ትቶ ድራሙን ብቻ ይከተል፤ በሁለተኛው ቤዙን ይያዝ። በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይመረጣል፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ቤዙ ስለሚጠፋ የሚቀረው ፍቀቱ ብቻ ነው።