ሜዳችንን ላነጠፉልን ልጆች ከልብ የሆነ ምስጋና፣ ሜዳ ለምታሰሩም ጥቆማ

ሰላም የሰፈር ልጆች፣ ሰላም ወገን። ይሄን ፖስት ለመጻፍ ክረምቱ እስኪወጣ ሆን ብዬ ነው የጠበቅኩት፣ ምክንያቱም አርቴፊሻል ሳር ገና ሲነጠፍ ሁሉም ያምራል፣ የሰራተኛው ጉብዝና የሚታየው ሐምሌና ነሐሴ ካለፈበት በኋላ ነው። አሁን አልፏል። ሜዳችን ውሃ አልያዘም፣ መጋጠሚያው አልተነሳም፣ የማሰለጥናቸው ልጆች ክረምቱን ሙሉ ልምምድ ሰርተውበታል። ስለዚህ ፎርማኑንና አብረውት የሰሩትን ልጆች በሙሉ አፌ ላመሰግናቸው ነው። ስሜን ፌስቡክ ላይ አታውጣው ስላለኝ ፎርማኑ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጨርቆስ ያደገ ሰው ሜዳው ምን ይመስል እንደነበር አይጠፋውም። የሳር ሜዳ እንለዋለን እንጂ ሰርዶው ዳር ዳሩን ብቻ ነበር የቀረው። ጠዋት ከ12 ሰአት ጀምሮ የጤና ቡድኖቹ ይገባሉ፣ እነሱ ሲወጡ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ከሰአት እኛ የታዳጊዎች ኳስ ፕሮጀክቱን ይዘን እንገባለን፣ ቅዳሜና እሁድ ደሞ ውድድር አለ፣ ታዲያ ሳሩ መቼ ይረፍ? በረኛው የሚቆምበት ቦታ ጎድጉዶ ክረምት ኩሬ ይሆናል፣ በጋ ደሞ በኖራ ያሰመርነው መስመር ግማሽ ሰአት ሳይሞላ በአቧራ ይጠፋል። ሰርዶ እንደገና ተተክሎ ነበር እኮ፣ ግን ሳሩ እስኪይዝ ሜዳው መዘጋት አለበት፣ ሜዳ ተዘግቶ ደሞ በዚህ መሃል ከተማ ያን ሁሉ ልጅ የት ነው የምንወስደው፣ አስፋልት ላይ?

አርቴፊሻል ይሁን ስንል የተቃወሙም ነበሩ፣ ተቃውሟቸውንም አከብራለሁ። አንድ የሰፈራችን አባት አሉ፣ በ1954 ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫ ስታነሳ እዚሁ አፍንጫችን ስር ያለው ስታዲየም ገብተው እነ ሉቺያኖ ቫሳሎን እነ መንግስቱ ወርቁን በአይናቸው ያዩ ሰው ናቸው፣ ስብሰባ ላይ ተነስተው "ልጆቼ ኳስ በሳር ነው፣ ፕላስቲክ ላይ የነዚህን ህጻናት ጉልበት እንዳታስጨርሱት" አሉ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ በ2015 ካናዳ ላይ የሴቶች አለም ዋንጫ በሙሉ በሰው ሰራሽ ሳር ሲካሄድ ትልልቅ ተጫዋቾች ናቸው አቤት ያሉት፣ ለ2026ቱ የአለም ዋንጫም አሜሪካ ውስጥ አርቴፊሻል የነበራቸው ስታዲየሞች የተፈጥሮ ሳር ማስገባት ነበረባቸው። ግን እዛ ሳሩን የሚንከባከብ ባለሙያ አለ፣ ውሃ አለ፣ ሜዳውም ከጠዋት እስከ ማታ አይረገጥም። ነገሩ ሲጀመርም ሳር እምቢ ባለበት ቦታ ነው የመጣው፣ አሜሪካ ሂውስተን ያለው አስትሮዶም የሚባለው ባለ ጣሪያ ስታዲየም፣ ጣሪያው ስር ሳሩ ብርሃን አጥቶ ሲሞትባቸው ነው እ.ኤ.አ በ1966 ፕላስቲኩን ያነጠፉት። እኛ ጋ ደሞ ሳሩን የገደለው የሰፈሩ ልጅ ብዛት ነው፣ ልጁን ደሞ አንቀንስም።

ፎርማኑን መጀመሪያ የወደድኩት እዛው ስብሰባ ላይ ነው። ስራውን ለማግኘት ብሎ አልተከራከራቸውም፣ ብድግ ብሎ "አባባ ልክ ነዎት፣ ጉልበት የሚጨርሰው ከስሩ ሳይሰራ የተነጠፈ ሜዳ ነው፣ ከስሩ ካላሰራችሁኝ እኔም አልገባበትም" አላቸው። ከዛ በኋላ አባታችን ራሳቸው ናቸው ከእድሩ መዋጮ እንዲወጣ ያስተባበሩት፣ ውጭ ያሉ የሰፈር ልጆችም ትልቁን ድርሻ ሸፈኑ፣ እግዜር ይስጥልን።

ከእሱ በፊት ያነጋገርናቸው ሰዎች ነበሩ፣ ስም አልጠራም። ሳሩን አጭደን አፈሩን በሮለር ጠቅጥቀን ከላይ እናነጥፍላችኋለን፣ በሳምንት እናስረክባለን ነበር ያሉን፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው፣ ኮሚቴው ውስጥ ልቡ ወደዛ ያጋደለ ብዙ ሰው ነበር። ፎርማኑ ግን ሜዳውን ሊያይ ሲመጣ ዶማ ይዞ ነው የመጣው። መሃሉን፣ አንዱን ኮርነርና በረኛው የሚቆምበትን ቆፈረ፣ ከሰርዶው ስር ጥቁር ዋልካ ነው የወጣው፣ በእጁ ጨብጦ እያሳየኝ "ኮች ይሄ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ከላይ የፈለግከውን ብታነጥፍ ይዞት ነው የሚንቀሳቀሰው" አለኝ። ሌሎቹ ሜትር እንጂ ዶማ ይዘው አልመጡም።

እናም ሳሩም ዋልካውም ተነስቶ ወጣ። ከባድ መኪና ቀን መሃል ከተማ ስለማይገባ ሲኖዎቹ ማታ ማታ ነበር የሚመላለሱት፣ ልጆቹ ሌሊት በባትሪ እያሳዩ ያስጭኑ ነበር፣ ጠዋት ደሞ የሰፈሩን መንገድ ጠርገው ነው የሚጠብቁን፣ ይሄን ማንም አላዘዛቸውም። ከዛ ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ የተበሳሳ ቱቦ ገባ፣ አፈሩ ከጠጠሩ ጋር እንዳይቀላቀል ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ተነጠፈ፣ ጠጠሩ ከትልቁ ወደ ደቃቁ በንብርብር እየሆነ በየንብርብሩ ሮለር ገባበት። አንድ ቀን የመጣውን ጠጠር በአካፋ ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና "ይሄ ዱቄቱ በዝቷል፣ ውሃ አያሳልፍም" ብሎ መኪናውን እንዳለ መለሰው፣ ሾፌሩ ተጨቃጨቀ፣ አቅራቢው ደወለ፣ እሱ ግን አልተቀበለም።

አሁን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው ምክንያቱም ሜዳ የምታሰሩ ሰዎች ማየት ያለባችሁ ይሄን ነው። ሜዳችን 60 በ40 ነው። ከመሃል ወደ ሁለቱ ዳር ግማሽ ፐርሰንት ተዳፋት አለው፣ ማለትም 20 ሜትር ሄዶ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ በአይን አይታይም ኳስም አያንከባልልም ግን ውሃው መንገዱን ያውቃል። ይሄን በሲባጎና በውሃ ልክ ከለካ በኋላ 3 ሜትር ስታጃ (ቀጥ ያለ መለኪያ ዘንግ) ይዞ ሜዳውን በሙሉ ዞረው፣ ስታጃውን መሬት ላይ ያጋድመዋል፣ በርከክ ብሎ ስሩን ያያል፣ ብርሃን ከገባ ምልክት ያደርጋል፣ ልጆቹ ከኋላው እየተከተሉ ይሞላሉ ወይ ይልጋሉ። እንዲህ እየተንበረከከ ነው ከዳር እስከ ዳር የሄደው። ቆሜ ሳየው ገርሞኛል፣ ማንም የማያየውን ነገር እኮ ነው እንደዛ የሚለፋበት፣ ሳሩ ከተነጠፈ በኋላ ማን ገልጦ ያየዋል?

ሳሩ ጥቅል ሆኖ ነው የሚመጣው፣ አንዱ ጥቅል 4 ሜትር ወርድ አለው፣ የኛ ሜዳ 15 ጥቅል በላ። ዘርግተው ወዲያው አላጣበቁትም፣ ጭምድዱ እንዲለቅ ፀሀይ ላይ አሳደሩት፣ የሳሩም አቅጣጫ ሁሉም ወደ አንድ ጎን መተኛት አለበት፣ አንዱ ጥቅል ከተገለበጠ ሜዳው ሁለት ከለር መስሎ ይታያል ኳሱም እዛ ጋ ጸባዩ ይቀየራል። ከዛ መጋጠሚያው ስር ሰፋ ያለ ጨርቅ ገብቶ ማስቲሹ ይቀባል፣ ሁለቱ ጠርዝ በእጅ እየተጫኑ ይገጥማሉ። ነጩ መስመርም ቀለም አይደለም፣ አረንጓዴው በካተር ተቆርጦ ነጭ ሳር ነው የሚተካው፣ ስለዚህ ኖራ መግዛት ቀርቷል።

በማጣበቁ ስራ መሃል ነው ያ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ከሰአት የወረደው። ልጆቹ ሮጠው ሸራ አለበሱት፣ ግን አንዱ መጋጠሚያ ማስቲሹ ገና ሳይደርቅ ጫፉ ላይ እርጥብ ነክቶታል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ፎርማኑ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አየው፣ ለኔ ምንም አይታየኝም፣ የያዘ ነው የሚመስለው። እሱ ግን ያን መስመር ከዳር እስከ ዳር አስነሳው፣ 40 ሜትር ነው፣ ጨርቁን አውጥቶ ጣለው፣ ጠጠሩ እስኪደርቅ ጠብቆ በአዲስ ማስቲሽ እንደገና ሰራው። ማስቲሹ ከውጭ የሚገባና ውድ ነገር ነው፣ እንክፈል ስንለው "ሸራውን ቶሎ ማልበስ የኔ ስራ ነበር" ብሎ አንድ ብር አልጨመረም። እሱ ባይነግረን ማንም አያውቅበትም ነበር! ወገን ይሄን ሰው ካልጠቆምኩ ማንን ልጠቁም?

ቀጥሎ አሸዋው ነው። ሳሩን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመውና መሬት የሚያስይዘው አሸዋው ነው፣ ለእግር የሚለሰልሰው ደሞ ከላይ የሚገባው የተፈጨ ጎማ። አሸዋው እርጥበት ካለው ከላይ ይቀራል እንጂ ወደ ስር አይወርድም፣ ስለዚህ ሸራ ላይ አስጥተው አድርቀው፣ ስስ ስስ አድርገው እየበተኑ በየመሃሉ በብሩሽ ሳሩን እንደ ጸጉር እያበጠሩ ነው ያስገቡት። ጎማው በጎርፍ ወደ ወንዝ እንዳይሄድ ዙሪያውን ዝቅ ያለ ከርብ ሰራ፣ የቦዩ አፍ ላይም ወንፊት ገጠመ። አውሮፓ ህብረት ይሄን የጎማ ፍርፋሪ እንደ ማይክሮፕላስቲክ (አካባቢ የሚበክል ደቃቅ ፕላስቲክ) ቆጥሮ እ.ኤ.አ በ2023 ለሽያጭ እንዳይቀርብ ወስኗል፣ ለሜዳዎች የ8 አመት ጊዜ ሰጥቶ ነው እንጂ። እኛ ጋ ማንም አላስገደደውም፣ እሱ ነው ወንዙን ያሰበው።

ችግር የለውም አልልም። እኩለ ቀን ላይ ፀሀዩ ሲከር ሳሩ በጣም ይግላል፣ ከ6 እስከ 9 ሰአት ህጻናት አላስገባም፣ የግድ ከሆነ ውሃ እናርከፈክፋለን። ተንሸራቶ የወደቀ ልጅ ቆዳው ይላጣል፣ በረኞቼ ረጅም ቁምጣና ካልሲ ነው የሚለብሱት። ታኬታም ብረት ጥርስ ያለው አይገባም፣ አጭር የጎማ ጥርስ ያለው ብቻ። ይሄን ሁሉ ፎርማኑ ከማስረከቡ በፊት የጥበቃውን ሰራተኛና እኔን አስቀምጦ አስተምሮናል፣ ብሩሹን በየሳምንቱ መጎተት፣ ፔናሊቲ የሚመታበትና ኮርነሩ ላይ ጎማው ቶሎ ስለሚሸሽ መሙላት፣ ማስቲካ ከተጣበቀ በበረዶ አድርቆ መስበር እንጂ በቤንዚን አለመንካት። አንድ ጆንያ ጎማና የተረፈውን ሳር ለጥገና ትቶልን ነው የሄደው።

ሐምሌ ላይ ያ ከባድ ዝናብ በጣለ ጊዜ ሳንደውልለት ጃንጥላ ይዞ መጣ። ቀጥታ ወደ ቦዩ ነው የሄደው፣ ወንፊቱን አወጣው፣ የያዘውን ቅጠልና ፌስታል በእጁ አጸዳው፣ ከዛ መሃል ሜዳ ቆሞ ውሃው ሲወርድ አየ። ዝናቡ ቆሞ ብዙም ሳይቆይ ልጆቹ ልምምድ ጀመሩ፣ ያ በረኛ የሚቆምበት ኩሬ የነበረው ቦታ ላይ ትንሿ በረኛዬ ደረቅ ካልሲ አድርጋ ቆማለች። አባታችንም ከዘራቸውን ይዘው ገብተው በጫማቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉትና "ይሄስ ይለሰልሳል" አሉት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው መረቁት።

ፎርማኑ፣ ልጆቹም በሙሉ፣ እጃችሁ ይባረክ፣ ዘመናችሁ ይባረክ። የጨርቆስ ልጆች ሁሌም ያመሰግኗችኋል።

ሜዳ ለማሰራት ያሰባችሁ፣ ትምህርት ቤትም ይሁን ወረዳ ወይም የሰፈር ኮሚቴ፣ ስልኩን ኢንቦክስ ጠይቁኝ እሰጣለሁ። የዋጋ ነገር እዚህ አልጽፍም፣ ሳሩም ማስቲሹም በዶላር ስለሚገባ ከኛ ጊዜ ይለያል፣ እሱ ራሱ መጥቶ ቆፍሮ ሳያይ ዋጋ አይናገርም። ማጣበቁ ደረቅ ወቅት ስለሚፈልግ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው ስራ የሚበዛበት፣ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። የኛን ሜዳ መጥታችሁ ማየት ከፈለጋችሁም ከሰአት ከ10 ሰአት በኋላ ልምምድ ላይ ነን፣ ግቡና እርገጡት።