የቴንስ መሣሪያ ምትክ ገመዶች ከስምንት ወር አገልግሎት በኋላ

ለወገቤ ሕመም ማታ ማታ የምጠቀምበት ባለ ሁለት ቻናል (ሁለት መውጫ መስመር ያለው) የቴንስ መሣሪያ፣ ማለትም ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚልክ የሕመም ማስታገሻ፣ ኃይሉ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ በመጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎም የሚለጠፉትን ኤሌክትሮዶች ለወጥሁ፤ ገመዱን ግን ላዩ ደህና ስለነበር አልጠረጠርሁትም። አንድ ምሽት ንዝረቱ ደክሞብኝ ኃይሉን ደረጃ በደረጃ ከፍ ካደረግሁ በኋላ ወደ ጎኔ ዞር ስል፣ ውስጡ የተበጠሰው ሽቦ ድንገት ተገናኝቶ የወገቤን ጡንቻ ጨምድዶ ያዘው። ንዝረቱ ያለ ምክንያት ሲደክም መሣሪያውን ማጥፋት እንጂ ኃይል መጨመር እንደማይገባ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ጥፋቱ የመሣሪያው ይሁን የገመዱ ለመለየት የሁለቱን ቻናሎች ገመዶች አቀያየርሁ፤ ችግሩም ገመዱን ተከትሎ ወደ ሌላኛው ቻናል ሄደ። ከዚያም ገመዱን ከመሣሪያውም ከሰውነቴም ነቅዬ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስለካው፣ ከመሰኪያው አንገት አጠገብ ባጠፍሁት ቁጥር ጥቂት ኦም ያሳይ የነበረው መለኪያ ፈጽሞ መቋረጡን ያመለክት ነበር። ሽፋኑን በምላጭ ስከፍተው ያገኘሁት በክር ላይ የተጠመጠመ እጅግ ስስ የመዳብ ጥብጣብ ነው። ይህ አሠራር ገመዱን ለስላሳ ያደርገዋል፤ ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታጠፍ ፕላስቲኩ ምንም ሳይሆን ውስጡ ይበጠሳል።

ምትክ ሲመረጥ ዋናው ጉዳይ መሰኪያው ነው። በኤሌክትሮዱ በኩል ያለው ፒን በአብዛኛው 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመሣሪያው በኩል ግን 2.5 ወይም 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ፣ አለዚያም ብረቱ በፕላስቲክ ከለላ ውስጥ የተደበቀ መሰኪያ ሊሆን ስለሚችል አሮጌውን ለክቶ መግዛት ያስፈልጋል። የእኔ መሣሪያ ባለ ከለላውን ይቀበላል። ከለላው የተሠራው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው፤ የታካሚ ገመዶች በስሕተት ከግድግዳ ኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝተው ሕፃናት ለአደጋ በመጋለጣቸው፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1997 እ.ኤ.አ. ይህን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል።

አዲሶቹን ገመዶች ለስምንት ወራት፣ በየምሽቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተጠቅሜባቸዋለሁ። አንገታቸው ላይ ያለው ጎማ ከቀድሞዎቹ ረዘም ያለና ታጣፊ በመሆኑ እጥፋቱ አንድ ነጥብ ላይ አያርፍም፤ ከሁሉ በላይ የወደድሁላቸውም ይህንን ነው። ቅር ያሰኘኝ የሁለቱም ጫፎች ቀለም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በእኔ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ሞገዱ ሁለት አቅጣጫዎች እኩል ስላልሆኑ በአሉታዊው ጫፍ በኩል ስሜቱ ይበረታል፤ ስለዚህ አሉታዊውን ለይቼ ጥቁር ፕላስተር ጠቀለልሁበት። አያያዜንም ለውጫለሁ፤ ስነቅል መሰኪያውን እንጂ ገመዱን አልስብም፣ ከመሰካቴና ከመንቀሌ በፊት መሣሪያውን አጠፋለሁ፣ ገመዱንም መሣሪያው ላይ አጥብቄ መጠቅለሉን ትቼ ሰፋ አድርጌ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

በዚህ ሳምንት ሁለቱንም እንደገና ለካኋቸው። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ባጥፈውም ንባቡ አልተለወጠም፤ ዘወትር በምተኛበት ጎን የሚውለው ገመድ ግን ጎማው መንጣት ስለ ጀመረ በየወሩ እየለካሁ እከታተለዋለሁ።