ለጥምቀት መጥታችሁ ባሕር ዳር ላይ መኪና ለምትከራዩ፦ ሰሌዳውን ሳታዩ ቀብድ አትላኩ

ታኅሣሥ ሲገባ በቴሌግራም የሚለቀቀው ማስታወቂያ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የታጠበች ቪትዝ፣ ከጀርባዋ ዘንባባና ጣና፣ ከሥር «ያለ ሹፌር፣ ሙሉ ኢንሹራንስ ያላት፣ ለዲያስፖራ በቅናሽ»። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ፎቶውን አስፉና ሰሌዳውን እዩ። በነባሩ ሰሌዳ ኮድ 2፣ ሰማያዊ ጽሑፍ ከሆነ የግል መኪና ናት። ለንግድ የምትሠራ መኪና የምትይዘው ኮድ 3፣ አረንጓዴውን ነው። ሰሌዳው ላይ ጣት ተደርጎ ከተነሳ ወሬው እዚያው ያብቃ።

ደላላው «ኢንሹራንስ አላት» ሲል አልዋሸም ይሆናል። ችግሩ ውሉ ላይ ነው። የግል መኪና የመድን ውል መኪናዋ ለባለቤቷ የግል አገልግሎት እንደምትውል ይጽፋል፤ በኪራይ ላይ እያለች ከተጋጨች ኢንሹራንሱ «ከውሉ ውጭ ነው» ብሎ እጁን ያወጣል። ያኔ ባለቤቱ የሚይዘው እናንተን ነው፤ ፓስፖርታችሁን በመያዣነት ሰጥታችሁት ከሆነማ የበረራ ቀናችሁንም ጭምር ይዞታል። (ፓስፖርት ለማንም በመያዣነት አትስጡ። ኮፒ ይበቃዋል።) ፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ምልክትም አያዘናጋችሁ፤ እሱ በመኪናዋ ለተጎዳ ሌላ ሰውና ንብረት እንጂ ለራሷ ለመኪናዋ አይከፍልም።

ስለዚህ ሦስት ወረቀት በዓይናችሁ እዩ፦ ሊብሬውን (የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር)፣ የዘንድሮ ቦሎውን (የዓመታዊ ምርመራውን ማረጋገጫ) እና የመድን ውሉን። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሚያከራያችሁ ሰው ስም ጋር ካልገጠመ ውክልና ይጠየቃል። የመድን ውሉ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ፈልጉ፤ የአገልግሎት ዓይነቱ «ኪራይ» ማለቱንና በአደጋ ጊዜ ከእናንተ ኪስ የሚወጣው ተቀናሽ ስንት እንደሆነ። መንጃ ፈቃዳችሁ የውጭ ከሆነ ወደ አገር ውስጥ ሳታስቀይሩ መሪ አትጨብጡ፤ የፈቃድ ጉድለት መድን ሰጪ ላለመክፈል መጀመሪያ የሚመዘው ሰበብ ነው። ለማስቀየር ጊዜ ከሌላችሁ ከነሹፌሩ ተከራዩ፤ እውነቱን ለመናገር ለአብዛኛው ሰው የሚሻለውም እሱ ነው።

ወረቀቱ ካማረ ወደ መኪናዋ። ከጃፓን ገብተው መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች አሉ፤ መሪው ሲዛወር መብራቱ ሳይቀየር ይቀራል። ሲመሽ ከግድግዳ 5 ሜትር ያህል ርቃችሁ አቁሙና አጭር መብራት አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ በቀኝ በኩል ወደ ላይ ከፍ ማለት አለበት። ከፍ ያለው በግራ ከሆነ መብራቱ በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነው፦ ከፊት የሚመጣውን ዓይኑን ያጠፋዋል፤ በቀኝ ጠርዝ የሚሄደውን ብስክሌትና እግረኛ ግን አያሳያችሁም። ብስክሌት በሞላባት ባሕር ዳር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ 4 ቁጥር አለ። 2316 ካለ በፈረንጆች 2016 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ጎኑ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ አትቀበሉት፣ ጭነትና ሙቀት ሲበዛበት ይፈነዳል። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) አውርዳችሁ ነፋሱን በእጃችሁ ተጫኑት፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውንም እዩ። ፍሬኑን ረግጣችሁ ለ30 ሰከንድ ያዙት፤ ፔዳሉ ቀስ እያለ ከወረደ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቦታ አለ፣ መኪናዋን መልሱ።

የኪራይ ውሉ ላይ ኪሎ ሜትሩን አስሉት። «በቀን 100 ኪሎ ሜትር» ብዙ ይመስላል፤ ጎንደር ግን ደርሶ መልስ 360 ገደማ ነው፤ በሁለት ቀን 160 ትርፍ ወጣባችሁ ማለት ነው። «ከከተማ መውጣት ክልክል ነው» የሚል መስመር ካለ ደግሞ ጎንደርም ዘጌም ጢስ ዓባይም ቀረ። አከራዩ በቃል «ምንም አይደል፣ ሂዱ» ቢላችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የክልሉ ፀጥታ ባልረጋበት በዚህ ጊዜ የመድን ውሎች ጦርነትና ሁከት ያደረሰውን ጉዳት በአብዛኛው እንደማይሸፍኑ አትርሱ፤ የመንገዱን ሁኔታ ጠዋት በዚያ መስመር ከሚሠሩ ሹፌሮች ጠይቁ፤ ሳይመሽም ግቡ።

ኮረኮንች ላይ ቪትዝ ሆዷ ዝቅ ያለ ነው፤ ድንጋይ የዘይት መያዣውን ከሥር ይመታዋል። የዘይት ምልክት ከበራ ሞተሩን እዚያው አጥፉ፤ «ጋራዥ ድረስ ብቻ» ብላችሁ ብትነዱ የመያዣው ጥገና የሞተር ዋጋ ይሆናል። ከለንደን የመጣችሁ ደግሞ አደባባይ ላይ በቀኝ እንደሚገባ ለራሳችሁ እየደጋገማችሁ ንገሩ፤ ባጃጁ ግን ባልጠበቃችሁት ጎን ሊመጣ ይችላል።

ግጭት ከደረሰ፣ የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ እርዳታ። መኪናዋን ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ ከቦታዋ አታንቀሳቅሷት፤ ያለ ፖሊስ ማስረጃ የመድን ጥያቄ አይሄድም።

ስትረከቡ በቀን ብርሃን አራቱንም ጎን፣ ፓራውልቱን፣ ጣሪያውንና የነዳጅ ጌጁን በቪዲዮ ቅረጹ፤ አከራዩ ድምፁ ይግባበት። ማስያዣውን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ። ስትመልሱም አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ለበረራ ግማሽ ሰዓት ሲቀር አትመልሱ፤ የድሮው ጭረት «አዲስ» የሚሆነው ያኔ ነው። በበረራችሁ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አስረክቡና ማስያዣችሁ ስልካችሁ ላይ ሲገባ ቁልፉን ስጡ።